ምራቂ

ሐሙስ ነው። ሂርማታ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣
ዝናብ ያባረረው ገበያተኛ ሁሉ ቆርቆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ ትከሻው የረጠበበት፣
"ምዘኚልኝ" ይላል።
እኔም አነሳለሁ፦
አምስት የእርሳስ ጡብ፣ አንዱ ሁለት ሁለት ኪሎ፣
ከአባቴ ወገብ የወረደ፣ ከበሰበሰ ቀበቶ ተነጥሎ።

ስድስት ነበር ድሮ።

አባቴ ጣሃ አባ ዱራ፣ አዌቱን በእግሩ የተሻገረ፣ ቦዬ ላይ ጉማሬ ያየ፣
ምጽዋ ወርዶ መጥለቅ ተምሮ፣ ወደ ሰሜን ተልኮ ከፀሐይ የተለየ።
"ብርዱን ንገረን" ሲሉት ጎረቤቶች፣
ያስባል፣ ያስባል፣
"ከንፈሬ የሰው ነበር" ይላል፤ "ተውሼ ያደረግሁት፣
ጥርሴ ሲነክሰው እንኳ ያላወቅሁት።"

የጭነት መርከብ ነው፣ በጦርነት የሰጠመ፣
አባቴ ጡት ሳይጥል በጎኑ የተጋደመ።
ሠላሳ ሁለት ሜትር። ውሃው እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ፣ ወረድ ሲሉ ደግሞ ቀለም፣
የባትሪው ብርሃን ክንድ ያህል ሄዶ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።
በሆዱ ምን አለ? ሲሚንቶ።
ከረጢቱ በስብሷል፤ ሲሚንቶው ግን ደርቆ፣ ውሃ ውስጥ ደርቆ፣
የስፌቱን መስመር፣ የተሸካሚውን የጣት ጉድጓድ ጠብቆ፣
እንደ ሂርማታ መጋዘን ተደርድሯል፤
የደረደረው ወዛደር አልፏል፣ ክምሩ ግን አድሯል።
ጫማም አለ፣ በሳጥን በሳጥን፣ ክሩ ያልተፈታ፣
አንድ እግር እንኳ ሳይገባበት ያረጀ በዚያ ቦታ።

አየር እዚያ፣ እንደ ማር፣ በልክ ነው የሚሰጥ፤
መርፌዋ ወደ ቀይ ስትወርድ ዋጋው የሚያስደነግጥ።
ገመዱ ከብረት ተጠላልፎ፣ ወልደዝጊ ላይ ሆኖ እየጠበቀ፣
አባቴ ገመዱን በቢላ ቆረጠ፤ ከወገቡም አንድ እርሳስ ፈታ፤
ጡቡ ከሲሚንቶው ክምር ላይ ቀስ ብሎ ወደቀ።
"ቋ አለ" ይል ነበር።
"እኔም ቀለልኩ።"

"ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜ ምራቂ ነው፤
የተመዘነው እዚያው አልቋል" ይለን ነበር።
እናቴን ያገባው በምራቂው፣
እኔን የወለደው በምራቂው፣
ከአጎቴ ጋር በአንዲት ላም ተጣልቶ ሦስት ዓመት ያኮረፈው፣
እሱም በምራቂው።

ዛሬ ከረፋዱ ላይ የንግድ ቢሮው ልጅ መጣ፣
ጃንጥላውን ዘግቶ፣ ከቦርሳው በቁጥር የሚበራ ሚዛን አወጣ።
አንዱን ጡብ አስቀመጠ።
"አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ" አለ። "አርባ ግራም ይጎድላል፣
ስንት ዓመት ነው በዚህ የመዘንሽው? ሕዝብ ተበድሏል።"

አርባ ግራም።
ጨው በልቶት ይሆን፣ ብረት ፍቆት? አላውቅም።
አባቴ ግን ያውቅ ነበር።
ማር በቀዳሁ ቁጥር ከኋላዬ ቆሞ፣
"አንድ ማንኪያ መርቂ" ይለኝ ነበር፣ "ሳይጠይቁሽ መርቂ"፤
እኔ ቸርነት ይመስለኝ፣ ሰዎቹም አፋቸውን ከፍተው ያመሰግኑኝ፣ ይመርቁኝ ነበር።
ለካ ዕዳ ስንከፍል ነበር።

ልጁ ወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ጡቦቹን ወሰደ።
አራቱን።
አልቆጠራቸውም፤ እኔም አልቆጠርኩለትም።

አዌቱ ሞልቷል። ድልድዩ ላይ ሰዎች ቆመው ውሃውን ያያሉ፣
"ዘንድሮ ደግሞ ባሰበት" ይላሉ።
በመሃላቸው አልፋለሁ፤ አምስተኛው መቀነቴ ውስጥ ነው፣
ከአጥንቴ ላይ ተጣብቆ፣ እየቀዘቀዘ።
ይከብዳል።
አልፈታሁትም።